ባዶ ካርድ በሙሉ ዋጋ

ስዊች 2 የሚባለው የኒንቴንዶ ጌም መጫወቻ ኮንሶል ከወጣ ወዲህ የጌም ሱቆች መደርደሪያ ላይ ግራ የሚያጋባ ዕቃ በዝቷል። (ኮንሶሉ የወጣው ጁን 5 ቀን 2025 ነው። እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) ማሸጊያው ያው የጌም ማሸጊያ ነው። ውስጡም ካርድ አለ። ካርዱን ኮንሶሉ ላይ ስትሰኩት ግን ጌሙ አይጀምርም፤ መጀመሪያ ከኢንተርኔት አውርዱኝ ይላል። ካርዱ ላይ ጌም የሚባል ነገር የለማ! ያለው ለማውረድ የሚያስችል ፈቃድ ብቻ ነው። ኒንቴንዶ «ጌም ኪ ካርድ» ብሎታል፣ ቁልፍ ካርድ እንደማለት። እኛ አገር ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ነው።

ዋጋውስ ቀንሷል? የለም።

ጌም አሳታሚዎች ለምን ሲባሉ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው መልስ «ካርትሪጅ ውድ ነው» የሚል ነው፤ ካርትሪጅ የሚሉት ጌሙ ራሱ የሚጻፍበትን ካርድ ነው። ውሸት አይደለም። ካርትሪጅ ከድሮም ውድ ነበር፤ የጌም ንግድ ታሪክ ግማሹ ከካርትሪጅ ወጪ ለማምለጥ የተደረገ ሩጫ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። አሳታሚው ከካርዱ ላይ የቆጠባት ብር የትም አልጠፋችም። እኔ ዳታ ገዝቼ ከፍያታለሁ። ሜሞሪ ካርድ ገዝቼ ከፍያታለሁ። ሂሳቡ ከእሱ ኪስ ወደ እኔ ኪስ ሲዞር ግን የማሸጊያው ዋጋ ላይ ምንም አልተነካም።

ለምን ውድ እንደሆነ ትንሽ ላስረዳ። የሌሎቹ ኮንሶሎች ጌም የሚመጣበት ብሉሬይ ዲስክ ፕላስቲክ ነው። ሻጋታው አንዴ ከተሠራ ማሽኑ እየተጫነ በሰኮንዶች ውስጥ አንድ አንድ እያለ ያወጣዋል። ካርትሪጅ ግን ፕላስቲኩ ውስጥ ቺፕ አለው። ለኒንቴንዶ ይህን ቺፕ ለረጅም ዘመን ሲያቀርብ የኖረው ማክሮኒክስ የሚባል የታይዋን ኩባንያ ነው። ቺፑ ላይ ቦታ በጨመረ ቁጥር ዋጋውም ይጨምራል። ዲስክ ላይ እንዲህ ዓይነት ጭንቀት የለም፤ 5 ጊጋ ጻፍክበት 45 ጊጋ ያው አንድ ዲስክ ነው።

የመጀመሪያው ስዊች ካርዶች ባለ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እና 32 ጊጋ ነበሩ። መሃል ላይ ምንም የለም። እንግዲህ አስቡት፤ ጌማችሁ ተሠርቶ አለቀና 17 ጊጋ ሆነ። 16ቱ ላይ አይገባም። 32ቱ ደግሞ ብዙ ብር ነው። ሁለት መንገድ አላችሁ። ወይ ቪዲዮውን፣ ድምፁን፣ ስዕሉን እየጨመቃችሁ፣ ኢንጂነር እየተከፈለው ሳምንታት ሠርቶ፣ 16ቱ ውስጥ ታስገቡታላችሁ። ወይ ደግሞ የቻለውን ያህል ካርዱ ላይ አድርጋችሁ የቀረውን «አውርዱት» ትላላችሁ። የመጀመሪያው እናንተን ያስወጣችኋል፣ ሁለተኛው ገዢውን። ስብሰባው ላይ የትኛው እንደሚያሸንፍ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ስቶክም አለ። ካርዱን አሳታሚው እንደፈለገ የትም ሄዶ አያሳትምም፤ በኒንቴንዶ በኩል ነው የሚታዘዘው፣ ብዛቱም ጌሙ ገበያ ከመውጣቱ በፊት መወሰን አለበት። ካልተሸጠ መጋዘን ይቀራል። ከታሰበው በላይ ከተሸጠ ደግሞ ሌላው እስኪመጣ ሳምንታት ያልፉና የገዢው ሙድ ሌላ ቦታ ሄዷል።

መጋዘን መቅረት ስል ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አታሪ የሚባለው የአሜሪካ ጌም ኩባንያ በ1982 ለገና በጥድፊያ ያደረሰው የኢ.ቲ. ጌም በሚሊዮን የሚቆጠር ካርትሪጅ ታትሞለት ብዙው ሳይሸጥ ቀረ። በ1983 ኩባንያው የተረፈውን ከሌሎች ጌሞች ጋር በጭነት መኪና ጭኖ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አላሞጎርዶ የምትባል ከተማ የቆሻሻ መጣያ ላይ ቀበረው። ለዓመታት ተረት ነው ሲባል ቆይቶ በ2014 ተቆፍሮ ወጣ። ይህን ያየ አሳታሚ ካርትሪጅ ባዘዘ ቁጥር እጁ ቢንቀጠቀጥ አይፈረድበትም።

ስለዚህ ወጪውን መፍራታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ፍርሃቱን ሁልጊዜ የምንከፍለው እኛ ነን፤ ይሄ ደግሞ ዛሬ የመጣ ልማድ አይደለም። ሜትሮይድ የሚባለውን የኒንቴንዶ ጌም ውሰዱ። ጃፓን ውስጥ በ1986 ሲወጣ በካርትሪጅ አልነበረም፤ ኒንቴንዶ ፋሚኮም የሚባለው የያኔ ኮንሶሉ ላይ የሚገጠም የዲስክ መሣሪያ ነበረውና በዚያ ነበር። ዲስኩ ከቺፕ ይረክሳል። ሲሰለችህ ሱቅ ወስደህ በ500 የን ሌላ ጌም ታስጽፍበታለህ። ዋናው ነገር ግን የደረስክበትን ቦታ ሴቭ ያደርጋል። የዲስክ መሣሪያው አሜሪካ አልተሸጠም። ስለዚህ በ1987 ሜትሮይድ እዚያ በካርትሪጅ ሲወጣ ሴቭ የሚያደርግበት ባትሪ አልተደረገለትም። የማይቻል ሆኖ እንዳይመስላችሁ፣ በዚያው ዓመት አሜሪካ የወጣው ዜልዳ የሚባል ሌላ የኒንቴንዶ ጌም ባትሪ ነበረው። ለሜትሮይድ ተጫዋች የደረሰው 24 ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ፓስወርድ ነው። ስክሪኑ ላይ ይመጣል፣ አንተ ወረቀት ላይ ትገለብጣለህ። ይቺ ኦ ናት ወይስ ዜሮ? ይቺስ ትንሿ ኤል ናት ወይስ አንድ ቁጥር? አንዷን ከሳትክ የማታው ልፋት በሙሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ባትሪዋና አብራት የምትገባው ሚሞሪ የሚያስወጡት ገንዘብ ወደ ልጁ እርሳስና ወረቀት ዞረ። ያኔም ቢሆን ባትሪ ስለሌለው እንዲህ ቀነስንላችሁ ያለ ሰው አልነበረም።

የ1990ዎቹ ዋጋ ደግሞ ጉድ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ጀነሲስ ለሚባለው የሴጋ ኩባንያ ኮንሶል ካርትሪጅ ሆነው የወጡት ቨርቹዋ ሬሲንግና ፋንታሲ ስታር 4 ወደ 100 ዶላር ነበር የሚሸጡት። በ1994ና በ1995 ብር! አንዱ ውስጡ ተጨማሪ ፕሮሰሰር ስላለበት፣ ሌላው ትልቅ ቺፕ ስለሚፈልግ። ውድ ነው፣ አዎ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ውድነቱ ዋጋው ላይ ፊት ለፊት ተጽፎ ይታያል። ካልፈለግክ ትተወዋለህ፣ ከፈለግክ ከፍለህ ሙሉውን ይዘህ ትሄዳለህ። እኔ በበኩሌ የምመርጠው ይሄንን ነው፣ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ሲዲ መጣ። ኒንቴንዶ በ1996 ባወጣው ኒንቴንዶ 64 ላይ ካርትሪጅን የሙጥኝ አለ። ካርትሪጅ ይፈጥናል፣ ለመቅዳት ያስቸግራል፣ ሲዲ ልጅ እጅ ላይ ይጫጫራል፤ ምክንያቶቹ ሞኝነት አልነበሩም። ግን ሲዲ 650 ሜጋ ይይዛል፣ ትልቁ የኒንቴንዶ 64 ካርትሪጅ 64 ሜጋ። ሲዲ ለማሳተም የሚያስፈልገው ጥቂት ገንዘብ ደግሞ ከካርትሪጁ ጋር በአንድ ቀን የሚጠራ አይደለም፤ ካለቀም ቶሎ ይታተማል። ስኩዌር የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ፋይናል ፋንታሲ 7 የሚባል ጌሙን ይዞ በሲዲ ወደሚሠራው የሶኒ ፕሌይስቴሽን ሄደ። በ1997 ጌሙ በ3 ሲዲ ወጣ። የቀረውን ታሪክ ታውቁታላችሁ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ የምወዳት ታሪክ ግን ሬዚደንት ኢቭል 2 ናት። ፕሌይስቴሽን ላይ ሁለት ሲዲ የያዘ፣ በቪዲዮና በድምፅ የተሞላ ጌም ነው። ኤንጅል ስቱዲዮስ የሚባል የካሊፎርኒያ ኩባንያ ይሄንን ጌም አንዲት 64 ሜጋ ካርትሪጅ ውስጥ አስገባው፤ በ1999 መጨረሻ ወጣ። ቪዲዮዎቹ አልተቆረጡም፣ አሉ! ደብዘዝ ይላሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ግን አሉ። ሰዎቹ ቪዲዮውን እንዴት አድርገው እንደጨመቁ፣ ድምፁን እንዴት እንዳሳነሱ ዛሬም ፕሮግራመሮች እንደ ተአምር ያወሩታል። ካርትሪጁ ጠባብ ነው ሲባሉ «ቀሪውን ራስህ ፈልግ» ሊሉ አይችሉም ነበር፤ ጌም የሚወርድበት ኢንተርኔት የለማ። መሥራት ነበረባቸው፣ ሠሩ።

እዚህ ላይ አንዲት አስቂኝ ነገር አለች። ያ ኤንጅል ስቱዲዮስ በ2002 ተሽጦ ሮክስታር ሳንዲየጎ ሆነ። ሮክስታር በ2017 ኤል ኤ ኑዋር የሚባለውን ጌም በስዊች ሲያወጣ (ወደ ስዊች ያዞሩት ሌሎች ሰዎች ናቸው) ካርዱን የገዛ ሰው 14 ጊጋ ተጨማሪ ማውረድ ግዴታው ነበር። የኮንሶሉ ውስጣዊ ማከማቻ 32 ጊጋ ነው፣ ከዚያ ላይ ሲስተሙ የሚወስደው አለ። ስለዚህ ጌሙን በካርድ የገዛ ሰው የኮንሶሉ ግማሽ ሄደበት። እና ዋጋው? ስዊች ላይ 50 ዶላር፣ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ሙሉ ጌሙ በዲስክ 40 ዶላር። በአሥር ዶላር ጭማሪ ጎዶሎ ገዛህ ማለት ነው። ሁለት ሲዲ በ64 ሜጋ ያስገባ ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ሲሆን ምን ይባላል?

በዚያ ሰሞን ብዙ እንዲህ ዓይነት ነበር። ዱም ስዊች ላይ ሲመጣ ዋናው ጌም ካርዱ ላይ ነው፣ ከሰው ጋር የሚጫወቱበት ክፍል ግን በ9 ጊጋ ገደማ ዳውንሎድ። የሜጋ ማን የስብስብ ማሸጊያ ላይ 1ኛውም 2ኛውም ስብስብ ተጽፏል፣ ካርዱ ላይ ያለው 1ኛው ነው፣ 2ኛው ወረቀት ላይ የተጻፈ ኮድ ነው። ፋይናል ፋንታሲ 10 እና 10-2ም አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ እንደዚያው፤ አንዱ በካርድ አንዱ በኮድ። ኮድ ደግሞ አንዴ ከገባ አለቀ፤ ለጓደኛ አታውሰውም፣ አትሸጠውም። በኋላ ያንን ማሸጊያ ሁለተኛ እጅ የሚገዛ ሰው ስዕሉ ላይ ሁለት ጌም አይቶ አንድ ይዞ ይሄዳል።

ሌላም የሚረሳ ጉዳይ አለ። ራይም የሚባል ጌም በ2017 ለስዊች ሲታወጅ በሌሎች ኮንሶሎች 30 ዶላር የሆነው እዚህ 40 ዶላር ነው ተባለ። ኢንተርኔቱ በቁጣ ተቃጠለ። አሳታሚው የስዊች ሥሪቱ ወጪ ይበልጣል አለ። ሰውም ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ፦ ታዲያ ካርድ የሌለው፣ ከኢንተርኔት የሚወርደው ለምን 40 ሆነ? መጨረሻ ላይ የሚወርደው 30፣ ካርዱ 40 ሆነ፤ ካርዱን ለሚገዙት የሙዚቃው ኮድ ተጨመረላቸው። ፑዮ ፑዮ ቴትሪስም አሜሪካ ውስጥ በካርድ 40፣ በዳውንሎድ 30 ነበር። ሰው ብዙ ሰድቧቸዋል። እኔ እነዚህ ሁለቱ ከሁሉም ይልቅ ሐቀኛ ነበሩ ባይ ነኝ። ካርዱ ያስወጣል፣ የፈለገ ይክፈል፣ ያልፈለገ ያውርድ። ማንም ተሸፋፍኖ ሂሳብ አልላከብኝም።

ተሸፋፍኖ የሚመጣውን ሂሳብ እኛ አገር ሆናችሁ ካላያችሁት ልኩን አታውቁትም። የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ሲመጣ ጌም አመጣልኝ። ስሙን አልጠራውም፣ ከነዚያ ግማሹ ካርዱ ላይ ግማሹ ኢንተርኔት ላይ ከሆኑት አንዱ ነው። ልጁ ምስኪን ነው፣ ማሸጊያውን ዓይቶ ገዝቶ፣ ሻንጣ ውስጥ በልብስ ጠቅልሎ ነው ያመጣው። ስሰካው ማውረድ አለብህ አለኝ። «ሙሉውን ነው የገዛሁት እኮ» አለ፣ እንደጥፋተኛ እየተሳቀቀ። ማታ ለቀቅኩትና ተኛሁ። ሌሊት መብራት ሄደ። ስዊቹ ባትሪ አለው፣ ነቅቶ ይጠብቃል፤ ዋይፋዩ ግን ባትሪ የለውም። ጠዋት ስነሳ መስመሩ እዚያው ቆሟል። ከዚያ በስልክ ዳታ ልጨርሰው ብዬ የሞባይል ጥቅል ገዛሁ፤ ጥቅሉ ከማውረዱ በፊት አለቀ። ያቺን ሰዓት ሂሳብ ብሠራ የጌሙ ዋጋ ላይ ምን ያህል እንደጨመርኩ አውቅ ነበር፣ ግን ብስጭቴን ላለማባስ ተውኩት።

አዲስ አበባ ላይ ካርትሪጅ የሚፈለገው ለናፍቆት አይደለም። ኢትዮጵያ የኒንቴንዶ ኦንላይን ሱቅ ከሚዘረዝራቸው አገሮች ውስጥ የለችም፤ አካውንት የምንከፍተው ሌላ አገር ነን ብለን ነው። መክፈያው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ ከዱባይ ወይ ከአሜሪካ በሰው እጅ የሚመጣ፣ ተጫውተን ስንጨርስ ለሌላ የምንሸጠው ወይ የምንለዋወጠው ካርድ ነው የሚያዋጣን። የካርድ ጥቅሙ ኢንተርኔት አለመፈለጉ ነው። እሱን ካወጣህበት ምን ቀረው? ፕላስቲክ።

ስዊች 2 ላይ ስንመጣ ነገሩ ጭራሽ መልክ ያዘ። ሲጀመር ለአሳታሚዎች የቀረበው ሙሉ ካርድ ባለ 64 ጊጋ ብቻ ነው ተብሎ በጌም ሚዲያዎች በስፋት ተዘግቧል። ትንንሽ መጠን አልነበረም፤ ወይ 64 ትገዛለህ ወይ ቁልፍ ካርድ ትወስዳለህ ነበር። ብሬቭሊ ዲፎልት በ2012 ጃፓን ውስጥ 3ዲኤስ ለሚባለው የኒንቴንዶ የእጅ ኮንሶል የወጣ ጌም ነው። ታድሶ ስዊች 2 ላይ ሲመጣ መጠኑ የ64 ጊጋ ሩቡን አይሞላም። ቁልፍ ካርድ ሆነ። ያኩዛ 0፣ ስትሪት ፋይተር 6፣ ፑዮ ፑዮ ቴትሪስ 2ኤስ፣ ሁሉም ቁልፍ ካርድ። ፑዮ ፑዮ ቴትሪስ! ድንጋይ የሚደረደርበት ጌም! ያው የዛሬ ስንት ዓመት ካርዱን በአሥር ዶላር ጭማሪ በሐቅ ሲሸጥ የነበረው።

ኮንሶሉ በወጣበት በዚያው ቀን ሲዲ ፕሮጀክት የሚባል ጌም ሠሪ ኩባንያ ሳይበርፐንክ 2077 የሚባለውን ግዙፍ ጌም ከነተጨማሪው ታሪክ 64 ጊጋ ካርድ ላይ ሙሉ በሙሉ አድርጎ ሸጠ። ሰክተህ ትጫወታለህ። እነዚሁ ሰዎች በ2019 ዊቸር 3ን ከነማስፋፊያዎቹ በመጀመሪያው ስዊች 32 ጊጋ ካርድ ላይ አስገብተውታል፤ እሱን የጨመቀው ሴበር የሚባል ስቱዲዮ ነው፣ ስዕሉ ደብዝዟል ተብሎ ተቀልዶበታል፣ ግን ካርዱ ዛሬም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ከባዱ ሳይበርፐንክ ሙሉ ሲመጣ ቀላሉ ፑዮ ፑዮ ቴትሪስ ባዶ መጣ። ሳይበርፐንክ ስለሚሸጥ የካርዱን ወጪ ይችለዋል፣ የ40 ዶላር ጌም አይችለውም የሚል ክርክር አለ። እውነት አለው። 64 ጊጋ ካርድ ለ70 ዶላር ጌምም ለ40 ዶላር ጌምም ያው ነው የሚያስወጣው፤ ከ40ው ላይ ሲነሳ የሚተርፈው ትንሽ ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱን ወደ ኒንቴንዶም እመልሰዋለሁ፤ ትንሽ ካርድ አቅርብላቸው እንጂ ጃል።

ሁሉንም ስግብግብ ማለትም አይቻልም። ዩቢሶፍት የሚባለው አሳታሚ ስታር ዋርስ አውትሎውስ የሚባለውን ጌም በቁልፍ ካርድ ሲያወጣ ከሠሪዎቹ አንዱ በግልጽ እንደተናገረው ጉዳዩ ፍጥነት ነበር፤ ጌሙ የተሠራው ኤስኤስዲ ከሚባለው ፈጣን ማከማቻ በፍጥነት እንዲነበብ ታስቦ ነው፣ ካርዱ ያንን ፍጥነት አልሰጠም። የፋይናል ፋንታሲ 7 ሪሜክ ደግሞ ከ64 ጊጋ በላይ ነው፣ የሚገባበት ካርድ የለም። እሺ። እነዚህን አልጣላም። ቁልፍ ካርድ ከኮድ ወረቀትም ይሻላል፣ ቢያንስ ካርዱን ለያዘው ሁሉ ይሠራል፣ መሸጥም ማዋስም ይቻላል። ግን በሁለት እውነተኛ ምክንያቶች ጀርባ ተሸሽገው የገቡት ሃያዎቹ ናቸው የሚያናድዱኝ።

ወጪው ወደ ማን እንደሄደ ደግሞ እንይ። ስዊች 2 ውስጡ 256 ጊጋ ነው። ሳይበርፐንክን የሚያክሉ አራት ቁልፍ ካርዶች ካወረድክበት ሞላ። ከዚያ በኋላ ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ የሚባል ፈጣን ሜሞሪ ካርድ ትገዛለህ፤ የድሮው ማይክሮ ኤስዲ ጌም አያስቀምጥም። ኮንሶሉ ሲወጣ 256 ጊጋ ኤክስፕረስ ካርድ 60 ዶላር ገደማ ነበር። በ2025 መጨረሻ ደግሞ የኤአይ ዳታ ሴንተሮች ቺፑን ስለተሻሙበት የሜሞሪ ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ስለዚህ አሳታሚው ሜሞሪ ውድ ነው ብሎ ካርድ ላይ ያልገዛውን ሜሞሪ፣ እኔ በችርቻሮ ዋጋ እገዛለታለሁ። እሱ በመቶ ሺህ ሲያዝ በሚያገኘው ዋጋ አይደለም፤ ሱቅ ገብቼ አንድ አንድ።

ኋላ ደግሞ ሌላ ሂሳብ ይመጣል። የጃፓን ብሔራዊ የፓርላማ ቤተ መጻሕፍት ጌሞችንም ሰብስቦ ያስቀምጣል። ስለ ቁልፍ ካርድ ሲጠየቅ ግን ካርዱ ብቻውን ይዘት የለውምና አንሰበስበውም አለ። አንድ መንግሥታዊ ቤተ መጻሕፍት ባዶ ነው ብሎ የመለሰውን ዕቃ እኛ 70 ዶላር እየከፈልን መደርደሪያ ላይ እናስቀምጣለን። ኒንቴንዶ ዊ የሚባለውን የቀድሞ ኮንሶሉን ኦንላይን ሱቅ በ2019 ዘግቶታል። የ3ዲኤስና ዊን የተካው የዊ ዩ ኮንሶል ሱቅ መሸጥ ያቆመው በ2023 ነው። የስዊች 2ም ቀን ይደርሳል። የዚያን ጊዜ የ1987 ሜትሮይድ ካርትሪጅ፣ ከነዚያ የተረገመ ፓስወርዱ፣ ይሠራል።

የምፈልገው ከባድ ነገር አይደለም። ዋጋውን ለዩት። ኒንቴንዶ ራሱ ይህን እያደረገ ነው፤ ማሪዮ ካርት ዎርልድ እንግሊዝ አገር በዳውንሎድ ወደ 67 ፓውንድ፣ በካርድ ወደ 75 ፓውንድ ነው የወጣው። ሰው አጉረመረመ፣ እኔ ግን አጨበጨብኩ። ካርዱ 8 ፓውንድ ይጨምራል? ጥሩ፣ እከፍላለሁ፣ ጌሙ ካርዱ ላይ ይሁንልኝ። አሜሪካ ውስጥ ጌሙ ሲወጣ እንደሆነው ሁለቱም 80 ዶላር ሲሆኑ የሚያወርደው ሰው የማይነካውን ካርድ ወጪ ይጋራል ማለት ነው፤ ቁልፍ ካርድ የሚገዛው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፣ የማሸጊያም ይከፍላል፣ የማውረጃም ይከፍላል፣ የማስቀመጫም ይከፍላል። አሳታሚዎች ሙሉውን ካርድ በአሥር ዶላር ጭማሪ፣ ቁልፉን በአሥር ዶላር ቅናሽ ያውጡትና ሰው ምን እንደሚገዛ እንይ። ምናልባት እኔ ተሸናፊ ልሆን እችላለሁ። ብዙ ሰው ቁልፉን ቢመርጥ ምንም አልልም፤ ዋጋውን አይቶ መርጧላ።

እስከዚያው ከውጭ በዘመድ በኩል የምታስመጡ ሰዎች፣ ሳይከፈል በፊት የማሸጊያውን የፊት ገጽ ፎቶ አስልኩ። የስዊች 2 ከሆነ ከታች በኩል የቁልፍ ምልክት ያለበት ነጭ መስመር ይፈልጉላችሁ፤ ቁልፍ ካርድ ከሆነ እዚያ ላይ ተጽፏል። የመጀመሪያው ስዊች ከሆነ ደግሞ ዳውንሎድ ያስፈልጋል የሚል ጽሑፍ ማሸጊያው ላይ መኖር አለመኖሩን ያንብቡ፣ የጀርባውንም ጭምር። ምልክቱ ካለበት እዚያው መደርደሪያው ላይ ይመልሱት፤ በሻንጣው ቦታ ጫማ ያምጡላችሁ።